ጥቅምት ገብቶ ጓሮ ይጀመራል ወይ?

የጓሮ አትክልት ወዳጆች የሚወያዩበት መድረክ ላይ ሰሞኑን አንድ ረጅም ክር፣ ማለትም አንድ ጥያቄ ከነመልሶቹ፣ ተከፍቶ ነበር። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ቁም ነገር አለው፣ ስድብ ቀረሽ ክርክርም አለው። ጊዜ ለሌላችሁ መልሶቹን በቁጥራቸው በየተራ ልንገራችሁ። አስተያየቴንም መሀል መሀል ጣል አደርጋለሁ።

ክሩን የከፈተችው ሴት ከለገጣፎ አለፍ ብሎ ባለ አዲስ ሰፈር ነሐሴ ላይ ቤት የገባች ናት። ከቤቱ ጀርባ ስምንት በአሥር ሜትር የምትሆን ባዶ ቦታ አለቻት። ዕቃ ስታስተካክል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ስታስመዘግብ፣ እንቁጣጣሽና መስቀል ሲያልፉ ዝናቡ አበቃ። አፈሩ ጥቁር ነው። ላዩ ላይ ግንበኞች ጥለውት የሄዱት አሸዋና ጠጠር አለ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ቲማቲም አምሯታል። ከፍራፍሬ ደግሞ አፕል፣ አቮካዶና ማንጎ። የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ዘግይቻለሁ ወይስ ልጀምር?

ቁጥር 1 ትሁት ናት። እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ ብላ መረቀቻት፣ አልዘገየሽም፣ ጎመኑን ነገውኑ ትከዪ አለችና ወጣች። ለምን እንዳልዘገየች ግን አልነገረቻትም። የመጀመሪያ መልስ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ቁጥር 2 ላይ ጸቡ ተጀመረ። ሰውየው አባቱ ሰላሌ ገበሬ እንደነበሩ አስቀድሞ አሳወቀን። መሬት የሚዘራው ሰኔና ሐምሌ ነው፣ መስከረም ካለቀ በኋላ ዶማ ማንሳት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ባይ ነው። እስከ ሰኔ ጠብቂ፣ እስከዚያው አጥርሽን አጥሪ አላት። በአጥሩ ነገር እስማማለሁ። አዲስ ሰፈር የፍየል ሰፈር ነው።

ቁጥር 3 ዘሎ ገባበት። የአባትህ ማሳ ጤፍና ስንዴ ነው፣ ሰማይ ጠብቆ የሚዘራ ነው፣ ይህች ሴት የጠየቀችው ስለ ቧንቧ ውሃ ጓሮ ነው አለው። አነጋገሩ ሸካራ ነው፣ ነጥቡ ግን ትክክል ነው። መቂና ባቱ አካባቢ ያሉ ቲማቲምና ሽንኩርት አምራቾች በመስኖ ሥራ የሚጠመዱት ዝናቡ ሲያበቃ መሆኑን አስታወሰ። በክረምት ቲማቲምና ድንች የሚፈጀው ርጥበት የሚወደው ምች ነው፤ ቅጠሉን ያጠቁረዋል፣ ፍሬውን ያበሰብሰዋል። በጋ ላይ ይህ በሽታ ይቀንሳል። ስለዚህ ለእሱ ጥቅምት መጨረሻ ሳይሆን መጀመሪያ ነው። አባትህን ጠይቃቸው ብሎ ባይጨምርበት ጥሩ ነበር። ሰውየው ስለ አባቱ «ነበሩ» ነው ያለው።

ቁጥር 4 የሱሉልታ ሴት ናት። ረጅም ጻፈች፣ እኔ ደግሞ እያንዳንዱን ቃል ወደድኩት። ጥቅምት ላይ የቲማቲም ችግኝ ገዝታ ተክላ ነበር። ኅዳር አጋማሽ ላይ ተክሉ ጉልበቷን አለፈ፣ አበባ አወጣ፣ ጥቂት አረንጓዴ ፍሬም ያዘ። አንድ ሌሊት ሰማዩ ጥርት አለ። ጠዋት ስትወጣ ሣሩ ነጭ ነበር፣ ባልዲው ውስጥ የቀረው ውሃ ላይ ስስ በረዶ ተጋግሯል። ቲማቲሙ በፈላ ውሃ የተነከረ ይመስላል፤ ቅጠሉ ጠቁሮ፣ ረስርሶ፣ እንጨቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ከሰዓት በኋላ ደርቆ በእጅ ሲነኩት ይፈረፈር ነበር። አጠገቡ የነበረው ድንችም አብሮት ሄደ። ሀበሻ ጎመኑ፣ ባሮ ሽንኩርቱና ባቄላው ግን ፀሐይ ሲወጣ እንደገና ቀና አሉ። ለእሷ ጥያቄው ዘገየሽ አልዘገየሽ አይደለም። ቤትሽ ውርጭ ይመታዋል ወይ የሚለው ነው።

ቁጥር 5 የኮዬ ፈጬ ልጅ ነው። ሳቀባት። እነሱ ሰፈር ገና ድረስ ቲማቲም እንደሚለቅሙ፣ ውርጭ የሚባለውን በሬዲዮ ብቻ እንደሰማ ጻፈ። ሱሉልታ አዲስ አበባ አይደለም ብሎም ጨመረ። ይኼኛው ሌላ ክርክር ሊያስነሳ ምንም አልቀረውም ነበር።

ደግነቱ ቁጥር 6 ቀደመ። ስለ ሙያው አልነገረንም፣ አጻጻፉ ግን የግብርና ሰው ያስመስለዋል። ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው ብሎ ጀመረ። አቃቂ አካባቢ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። እንጦጦ ጫፉ ከ3,000 በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አንድ ከተማ ዳር ላይ ሆነው በሁለት የተለያየ አየር ውስጥ ነው የሚኖሩት። ግን ከፍታ ብቻውን አይወስንም አለ። ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ሰማዩ ሲጠራ መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይለቀዋል። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ይከብዳል። ቁልቁለቱን ይዞ ወርዶ ረባዳው ቦታ ላይ ይተኛል። ስለዚህ አንድ ሰፈር ውስጥ ዳገት ላይ ያለው ጓሮ ተርፎ መስኩ ዳር ያለው ይመታል። እህቴ፣ ቤትሽ ተዳፋት ላይ ነው ወይስ ከሥሩ? ጠዋት የጎረቤት ሣር ነጭ ሆኖ እንደሚያድር ሰፈሩ ውስጥ የቆየ ሰው ጠይቂ። ውሃስ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?

እስከዚህ ድረስ ውሃ ያነሳ አንድም ሰው አልነበረም። ልብ በሉልኝ፤ ስድስተኛው መልስ ላይ ነው ያለነው።

ቁጥር 7 ራሷ ጠያቂዋ ናት። ከተዳፋቱ ሥር፣ ወንዝ የምትባል ትንሽ ጅረት አጠገብ እንደሆነች ተናገረች። ከታች ከብት የሚግጥበት መስክ አለ። ውሃ በፈረቃ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ሌሊት። 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አስቀምጣለች። ሁለቱንም ጊዜ ይሞላል።

ቁጥር 8 ካልኩሌተር ይዞ መጣ። ከክሩ ሁሉ አንድ መልስ ምረጥ ብትሉኝ ይኼን ነው የምመርጠው። በበጋ አንድ ካሬ ሜትር የለማ መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። ሰማንያ ካሬውን ሙሉ ካለማሽ በቀን 400 ሊትር፣ ማለትም ሃያ ጀሪካን ማለት ነው። ሮቶሽ በሁለት ቀን ተኩል ባዶ ይሆናል፣ ልጆች ሳይታጠቡ። ሃያ ካሬ ብቻ ከጀመርሽ ግን በቀን 100 ሊትር፣ አምስት ጀሪካን ነው። በሳምንት 700። ከሁለት ሙሌት ላይ ለቤት 1,300 ይቀርልሻል። መደቡን በጤፍ ጭድ ወይም በደረቅ ሣር አራት ጣት ያህል ብታለብሺው ደግሞ ፀሐይ የሚወስደው ይቀንሳል፣ ፍጆታሽ ከዚህም ይወርዳል። በቀትር አታጠጪ፣ በማለዳ አጠጪ። ቅጠሉ ላይ አትርጪ፣ ሥሩ ላይ አፍስሺ። ስድሳው ካሬ ሰኔ ድረስ ይረፍ።

ብዙ ሰው በመሬቱ ስፋት ይጀምርና ጥር ላይ ውሃ ፍለጋ ይንከራተታል። ይህ ሰው በጀሪካን ጀመረ። እኔም ቡራዩ በኩል ያሉ ጎረቤቶቼ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ስለ ሮቷቸው ነው።

ቁጥር 9 የዕቃ እጣቢና የልብስ አጠባ ውሃ አይጣል ስትል ሐሳብ አቀረበች። ቁጥር 10 ደግሞ ሰላጣሽን በኦሞ ልታጥቢው ነው ወይ ብሎ ቀለደባት። ከቀልዱ በኋላ ግን የረባ ነገር ተናገረ። ጤፍና ምስር የታጠበበት፣ ድንች የተላጠበት ውሃ የትም ይፍሰስ። የሳሙና ውሃ ጥሬ ከሚበላ ነገር ይራቅ። በረኪና የገባበት ደግሞ ተክል ዘንድ አይድረስ።

ቁጥር 11 በቅንነት ነው የጻፈው። ጅረት አጠገብሽ እያለ ምን ቸገረሽ፣ በትንሽ ፓምፕ ሳቢ አላት። ከዚህ በኋላ ክሩ ጋለ።

ቁጥር 12 ይህን ስታነብ እንደተናደደች ያስታውቃል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ጅረት ሁሉ ከላይ ማን እንዳለበት ሳይታወቅ አይነካም አለች። በከተማዋ ውስጥ የሚያልፉት ትንንሽ ወንዞች አብዛኞቹ የሚገቡት አቃቂ ወንዝ ነው። የአቃቂን ውሃ የሚጠጡ አትክልቶች ላይ ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ቅጠላቸው የሚበላው፣ ማለትም ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ፣ ፍሬያቸው ከሚበላው ይልቅ ብዙ ይሰበስባሉ። በኮምጣጤ መዘፍዘፍ ጀርም ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ይኼን አያወጣውም። ብረቱ ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ቅጠሉ ውስጥ ነው።

ቁጥር 13 የቄራ ልጅ ነኝ አለ። እዚያው ወንዝ ዳር የበቀለ ጎመን በልቶ አድጓል፣ ምንም አልሆነም፣ የዘንድሮ ሰው በፍርሃት ሊሞት ነው። ቁጥር 14 ተመልሳ 12 ናት። አንተ ምንም አለመሆንህን በምን ለካኸው ብላ ጠየቀችው። ከዚያ እነዚህ ሁለቱ ስለ ቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ፣ ስለ ጋራዥ ዘይት፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ቀጠሉ። ቆዳ ማልፊያ ላይ ክሮሚየም መኖሩ እውነት ነው። ከጓሮዋ ግን በጣም ራቁ። አስተዳዳሪው ገብቶ ሁለቱንም ወደ ርዕሱ ተመለሱ አላቸው። ቁጥር 13 አልተመለሰም፣ ወጣ። ጠያቂዋ ጅረቱን ተወችው፤ ደግ አደረገች።

ቁጥር 15 አፈሩን አነሳ። ጥቁሩ ዋልካ ክረምት ላይ ጫማ ይነቅላል፣ በጋ ላይ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። ሀብታም አፈር ነው፣ ጸባዩ ግን አስቸጋሪ ነው። መጀመሪያ የግንበኛውን ጠጠርና የሲሚንቶ ፍርፋሪ ልቀሚ፣ አሸዋውን ብቻ ተዪው። ከዚያ አንድ ሜትር ወርድ ያለው፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያለ መደብ ሥሪ። ወርዱ ከዚያ ከሰፋ መሀሉን ለመኮትኮት መደቡን ትረግጫለሽ፣ ዋልካ የተረገጠ ዕለት ጡብ ነው። የበሰበሰ ፍግ በብዛት ቀላቅይበት። ካሮት ጠጠር ሲያገኝ ሁለት እግር ያወጣል። ስለዚህ ለካሮቱ አሸዋ፣ ፍግና አፈር ደባልቀሽ ለብቻው መደብ ስጪው፣ ወይ በከረጢት ዝሪው።

ቁጥር 16 የዶሮ ኩስ ከሁሉ ይበልጣል አለች፤ ያውም ትኩሱን። ቁጥር 17 ደንግጦ አቋረጣት። ትኩስ የዶሮ ኩስ ሥር ያቃጥላል፣ ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር ተከምሮ መብሰል አለበት። አሁን ለምትጀምር ሴት የሚሻለው የከብት በረት ያለው ጎረቤት ፈልጋ አሮጌውን፣ ጠቁሮ ሽታው የጠፋውን ከሥር ማስጫን ነው። በጋሪ ያመጡልሻል ብሏል። ዋጋውን አልተናገረም፤ ሰውም አልጠየቀው፣ ይገርማል።

ከ18 እስከ 21 ያለው ከርዕሱ የወጣ ነው፣ ግን ደስ ይላል። ቁጥር 18 ውርጭ ሲያሰጋ ጓሮ ውስጥ ቅጠል አጭሶ ማሳደር ነው አለ። ለምስክርም ኅዳር ሲታጠንን ጠራ፤ ኅዳር 12 ከተማው በሙሉ ሲጨስ ውርጭ ይፈራል ሲል። ቁጥር 19 ጭሱ ውርጭ ቢከለክል እንኳ ያ ቀን ላስቲክና አሮጌ ጫማ የሚቃጠልበት ነው፣ አመዱ ጓሮ እንዳይገባ ብላ አስጠነቀቀች። የማገዶ እንጨት አመድ በጥቂቱ ጥሩ ነው፤ የቆሻሻ ክምር አመድ ግን ሌላ ነው። ቁጥር 20 የእጣኑን ታሪክ አመጣ። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከተማዋን ከፈጀው የኅዳር በሽታ የመጣ ልማድ ነው። ቁጥር 21 ያ በሽታ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ እንደሆነ ጨመረበትና ስለ ሴት አያቱ መጻፍ ጀመረ። ቆንጆ ታሪክ ነው፣ ከጎመን ጋር ግን አይገናኝም።

ቁጥር 22 ፍራፍሬውን ያነሳ የመጀመሪያው ነው። ያኔ ሁላችንም ረስተነው ነበር። ማንጎውን እርሺው አላት በቀጥታ። ማንጎ ቆላ ይወዳል፤ የአርባ ምንጭና የአሶሳ ነው። ከአርባ ምንጭ ሽቅብ ወደ ጨንቻ የወጣ ሰው ታች ማንጎ፣ ላይ አፕል ያያል፣ ልዩነቱ ከፍታው ብቻ ነው። አፕል እሷ ጋ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ዛፍ ብቻውን ብዙ አያፈራም፤ የአበባ ዱቄት የሚሰጠው ጎረቤት ይፈልጋል። አና የሚባለውን ዝርያ ከዶርሴት ጎልደን ጋር አጠገብ ለአጠገብ ትከዪ። ሁለቱም ብዙ ቅዝቃዜ ሳይጠይቁ ያብባሉ። አቮካዶ የተዳቀለውን ከገዛሽ በሦስት አራት ዓመት ታያለሽ፤ ከፍሬው ዘር ያበቀልሽው ግን ልጆችሽን ያሳድጋል። ልጅ እያለ ውርጭ ይገድለዋል። ውሃ በተኛበት ዋልካ ውስጥም ሥሩ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ጉብ ባለ አፈር ላይ፣ ቤቱን ተጠግቶ ይተከል። ኮክ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሳይንከባከበው ያፈራል።

እንዳትቸኩይ ብሎም ጨመረ። የዛፍ ችግኝ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ይተከል፣ ክረምቱ ያጠጣልሻል። አሁን ግን ጉድጓዱን ቆፍሪ፤ ስድሳ ሳንቲ በስድሳ፣ ጥልቀቱም እንደዚያው። ከላይ ያወጣሽውን አፈር ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ አድርጊ። ፀሐይ ይምታው። እንጆሪ ብቻ ከፈለግሽ አሁኑኑ ይተከላል፣ ውሃና ጭድ ካገኘ። በእኔ እምነት ለጥያቄዋ ሁለተኛ አጋማሽ ትክክለኛው መልስ ይኼ ነው። ለዛፉ በርግጥ ዘግይታለች። ለቅጠሉ አልዘገየችም።

ቁጥር 23 እሳት ለብሶ ገባ። መንገድ ዳር አፕል ነው ተብሎ የተሸጠለት ችግኝ በሦስተኛ ዓመቱ ኮክ ሆኖ ተገኘ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለጎረቤት አፕል ሲያስተዋውቅ ኖሯል። ቁጥር 24 ኮክህን ብላና አመስግን አለችው። አልሳቀም። ግንዱ ላይ የተዳቀለበትን ጠባሳ ሳታዩ ችግኝ አትግዙ የሚለው ምክሩ ግን ይያዝ፤ ከሥሩ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ላይ ትንሽ እብጠት፣ አንዳንዴም የላስቲክ መጠቅለያ ይታያል።

ቁጥር 25 ላይ አንድ አባት ገቡ። በአጻጻፋቸው ዕድሜያቸው ይታወቃል። ሁሉም እርስዎ ይላቸዋል፣ ቁጥር 3 እንኳ። ለልጄ የምመክራት ነጭ ሽንኩርት ነው አሉ። ውርጭ አይፈራም፣ ፍየል አይበላውም፣ ብዙ ውሃ አይጠጣም። ከትልቁ ራስ ትልልቁን ፍሬ መርጠሽ፣ ሹሉን ወደ ላይ አድርገሽ፣ በአንድ እጅ መዳፍ ወርድ እያራራቅሽ ትከዪ። ከአራት እስከ አምስት ወር ይፈጃል። ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ውሃውን አቁሚ፣ ግማሹ ሲደርቅ ንቀዪ። ባዕድ አገር የመጣውን ነጩን ትልቁን ከሱቅ ገዝተሽ አትትከዪ፣ የሰፈርሽ ገበያ ላይ ያለውን ትንሹን ምረጪ። ሰዎች እግዜር ይስጥልን አባታችን እያሉ ተሰለፉ።

ቁጥር 26 የጾም አቆጣጠር አመጣች። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ዛሬ የተዘራ ቆስጣ ቅጠሉ ለመቆረጥ ሁለት ወር ገደማ ይፈልጋል፣ በብርድ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። ስለዚህ ለጾሙ መጀመሪያ አይደርስም፣ ከገና በፊት ግን ይደርሳል። ለኅዳር የፈለገች ሴት ጎመኑን ከዘር ሳይሆን ከችግኝ ትጀምር። ችግኙ በተተከለ በአንድ ወር ተኩል ውስጥ የታችኛውን ቅጠል መቀንጠስ ይቻላል። ቆስጣንም ጎመንንም ከሥሩ አትቁረጪ፤ ከውጭ ከውጭ ቀንጥሺ፣ ልቡን ተዪለት፣ እስከ ዐቢይ ጾም ያበላሻል።

ቁጥር 27 የቆስጣ ዘር አልበቅል አለኝ ብሎ ጠየቀ። አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳድረው ብለው መለሱለት። አንዱ ፍሬ ከአንድ በላይ ችግኝ ስለሚያወጣ ሲበቅል ማሳሳት እንዳለበትም ነገሩት፤ የተነቀለው ለጋ ሰላጣ ውስጥ ይገባል። ዘር የት ይገዛል የሚለው ጥያቄ ግን ክሩን ወደ አትክልት ተራ ወሰደው። ፒያሳ እያለ እንዴት ቅርብ እንደነበር፣ በኮሮና ጊዜ ጃን ሜዳ ሲሄድ እንዴት ጭቃ እንደሆነ፣ አሁን ኃይሌ ጋርመንት ድረስ የታክሲው ወጪ ከቲማቲሙ እንደሚበልጥ። ቁጥር 28፣ 29ና 30 ይኼው ነው። ዘሩ የት እንደሚገዛ እስከ መጨረሻው አልተነገረም።

ቁጥር 31 ስለ ጠላት ጻፈ፣ በአጭሩና በደንብ። ሌሊት ችግኝ ከአንገቱ እየቆረጠ የሚጥለው ቆራጭ ትል ነው። የሃይላንድ ፕላስቲክ ከላይም ከታችም ቆርጠሽ ችግኙን አልብሺው፣ ሁለት ጣት ያህል አፈር ውስጥ ይግባ። ደረቁ ወር ላይ የጎመን ቅጠል ሥር የሚርመሰመሰው ግራጫው ክሽክሽ ነው። ገና ጥቂት ሳለ በውሃ አጥቢው፣ የባሰበትን ቅጠል ቆርጠሽ ከጓሮ አውጪው። ፍልፈል ከመጣ ግን ካሮቱን ከሥር ይስበዋል፤ አንቺ ቅጠሉን ይዘሽ ትቀሪያለሽ። ለእሱ መድኃኒት የለኝም አለ። እንዲህ የሚል ሰው ይመቸኛል።

ቁጥር 32 ጠያቂዋ ተመልሳ መጣች። ሁሉንም አመሰገነች፣ ቁጥር 2ንም ጭምር። ሰፈሩ ውስጥ የቆዩ አንዲት እናት ስለ መስኩ ጠይቃ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ሣሩ ነጭ ሆኖ እንደሚያድር ነገሯት። ስለዚህ ሃያ ካሬ ብቻ፣ አምስት መደብ ታወጣለች። ሁለቱ ሀበሻ ጎመን ከችግኝ፣ አንዱ ቆስጣ፣ አንዱ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዱ በአሸዋ የተደባለቀው ለካሮት። ሁለት የአፕል ጉድጓድና አንድ የአቮካዶ ጉድጓድ ይቆፈራል። ቲማቲሙን ግን ልትተወው አልቻለችም። አራት እግር ብቻ፣ አፉ በተቆረጠ ጀሪካን፣ ግድግዳ አስጠግታ ትተክላለች። ልጆቹ ቃል ተገብቶላቸዋል።

ቁጥር 33 የሱሉልታዋ ሴት ናት። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ማታ ማታ በረንዳ አስገቢው አለች፣ ጀሪካን የተመረጠው ለምን ሆነና። ቁጥር 8 ደግሞ ግድግዳው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ሞቆ ማታ ያሞቃቸዋል። በጓሮው ደቡብ በኩል የቆመ የጎረቤት ግንብ ከሆነ ግን ጥላ ነው፣ ቲማቲሙ ፍሬ ሳይዝ ይከርማል። እሱም እሷም ልክ ናቸው። ግን ኅዳር ላይ አራት ጀሪካን አፈር ማታ ማታ ማን እንደሚሸከም እናያለን።

ቁጥር 2 አንድ ጊዜ ብቅ አለ፣ ቁጥር 35 ሆኖ። ሰኔ ላይ እንገናኛለን አለ። የተቀረው ስድሳ ካሬ ላይ ምን እንደሚዘራ ግን ዝርዝር ሰጣት፤ ባቄላ፣ ድንች፣ ዳር ዳሩን በቆሎ። ለድንቹ ከሆለታ ምርምር የወጣውን ጉደኔን ወይም በለጠን ፈልጊ፣ ምችን በመጠኑ ይቋቋማሉ ብሏል። ቁጥር 3 ላይክ አደረገለት።

ቁጥር 36 የሮቶ ማስታወቂያ ነበር። አስተዳዳሪው ወዲያው አጠፋው። ቁጥር 37 የጠፋውን ስልክ ቁጥር ያየ ሰው ካለ ይላክልኝ ይላል።